ያቺ ካርድ

አባቴና አጎቴ ስለ መለስ ዜናዊ ሲከራከሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሌሎች ልጆች ተረት እየሰሙ እንቅልፍ ይወስዳቸው ይሆናል፤ እኔን ግን በሳቢያን ሞቃት ሌሊቶች፣ ከቤት ውጭ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ ሳለሁ ያስተኛኝ የነበረው ከኒም ዛፋችን ሥር የሚሰማው የሁለት ሰዎች ሙግት ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ አንባቢ ይረዳኛል፤ በግንቦትና በሰኔ ቤት ውስጥ መተኛት ምጣድ ላይ እንደ መተኛት ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ያድራል፤ ደጅ ያደረ ሰው ደግሞ የጎረቤቱን ሙግት ሳይወድ በግድ ይሰማል።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የታሪክ መምህር ነው። ሙግታቸው ከየትም ይጀምር፣ ከስኳር ዋጋም ይሁን ከመብራት መጥፋት፣ መጨረሻው አንድ ቦታ ነበር፤ አሰብ።

«ሰውየው አገሪቷን ያለ በር አስቀራት» ይላል አባቴ።

«ጋሼ፣ በእጁ ያልነበረውን በር እንዴት አድርጎ ይሰጣል?» ይላል አጎቴ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቃሌ እወጣዋለሁ። አባቴ ክሱን የሚጀምረው ከ1983 ዓ.ም. ነው። ሻዕቢያ ግንቦት 16 ቀን አሥመራ ገባ፤ ኢሕአዴግ በአራተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ክረምት መግቢያ በተጠራው ጉባኤ ላይ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የኤርትራን መገንጠል ተቃውመው ሲናገሩ ሰሚ አላገኙም። መለስ የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት ሆኖ ለተባበሩት መንግሥታት ሕዝበ ውሳኔውን እንዲታዘቡ ደብዳቤ ጻፈ። በ1985 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነገሩን ተቃውመው ቢወጡ ሰልፉ በጥይት ተበተነ። ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ከመቶ 99.8ው «አዎ» አለ። «እኛንስ ማን ጠየቀን?» ይላል አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ፣ ሁልጊዜም ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «ቤት ሲከፈል አንደኛው ወንድም ብቻ ተጠይቆ ያውቃል?»

አጎቴ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የታሪክ መምህር አይደል። በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የተመሠረተው ፌዴሬሽን ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ያፈረሰው መለስ አልነበረም፤ ያኔ መለስ ገና ትምህርት ቤት ያለ የዓድዋ ልጅ ነበር። ጦርነቱ ሠላሳ ዓመት ወሰደ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ የሚታዘዝ አንድ ወታደር እንኳ አሥመራም ሆነ አሰብ አልነበረም። «የሄደን ሰው ሂድ ማለት ስጦታ አይባልም» ይላል። ሲሸነፍ ደግሞ ወደ ህዳሴ ግድብ ይሸሻል፤ የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መቀመጡን፣ ያስቀመጠውም ማን እንደሆነ ያስታውሰናል። (ግድቡ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በማግስቱ ማለዳ ስልክ የደወለው ለአባቴ ነበር። እኔም ብሆን የወር ደሞዜን ቦንድ ገዝቼበታለሁና ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ግድብና ወደብ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይመስለኝም።)

በዚህ ሁሉ ሙግት ውስጥ የሚያስቀኝ ነገር ቢኖር አባቴ አሰብን አይቶት አለማወቁ ነው። እኛ ድሬዎች የጅቡቲ ልጆች ነን። ሐዲዱ በ1890ዎቹ አጋማሽ እዚህ ባይደርስ፣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣትም ባያቅተው ኖሮ ከተማችን ራሷ አትኖርም ነበር። አሰብ የወሎ መንገድ ወደብ ነው፤ የእኛ ጨው፣ የእኛ ሽቶ፣ የእኛ ኮንትሮባንድ ከሌላ ባሕር ነው የመጣው። ያቺ ጅቡቲም ብትሆን በ1969 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ፣ ከመቶ 98 በላይ በሆነ ድምፅ፣ ከፈረንሳይ ተለይታ አገር ስትሆን ያየናት ጎረቤታችን ናት። አባቴ በዚያ ጊዜ ያዘነ አይመስለኝም። ባቡሩ እስከሄደ ድረስ ማን ግድ ይለዋል?

እንዲያውም ሒሳቡን ለሚሠራ ሰው አሰብ ሲዘጋ ድሬ ማትረፍ ነበረባት። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የአገሪቱ ዕቃ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ነገር ግን አሮጌው ባቡር ያን ሸክም የሚችል ትከሻ አልነበረውም፤ አብዛኛው ጭነት በመኪና በገላፊ በኩል አለፈ፤ የአባቴ ሐዲድም ዝጎ ዝጎ ከአገልግሎት ወጣ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቶ ነበርና አባቴ «ይሄ የማን ባቡር ነው?» አለ። አሰብና ባቡሩ በእሱ ልብ ውስጥ አንድ ሐዘን ሆነዋል።

እኔም በወጣትነቴ ስለ አሰብ ግጥም ሞክሬያለሁ። «አሰብን ሳስብ» ብሎ ያልጀመረ ጀማሪ ገጣሚ ካለ እጁን ያውጣ! ቃሉ ራሱ ወጥመድ ነው፤ ሰምና ወርቁን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ያን ግጥም ቀደድሁት። ሦስት ገጽ ስለ ባሕር ጽፌ አንድም ሰው አልነበረበትም፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰው አውቅ ነበር።

ከቤታችን አጥር ቀጥሎ የሚኖሩት ሰው መካኒክ ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። እኛ ልጆች «ጋሽ መካኒክ» እንላቸው ነበር። የተወለዱት ከረን ነው፤ ድሬ የመጡት ገና ጎረምሳ ሳሉ ነው። አማርኛቸው የድሬ አማርኛ ነበር፤ «አቦ» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር አይጀምሩም። ባለቤታቸውን «እትዬ» እንላቸዋለን፤ ከእናቴ ጋር አንድ ምጣድ ይጠቀሙ ነበር ብል ሁሉን ይናገራል።

ስለ እሳቸው ያለኝ የመጀመሪያ ትዝታ ከረሜላ ነው። አምስት ዓመቴ ነበር። በዓል አልነበረም፤ ልደትም አልነበረም። ጋሽ መካኒክ ከበራቸው ቆመው ለሰፈሩ ልጆች በእፍኝ በእፍኝ ከረሜላ አደሉ። ኪሴ እስኪሞላ መቀበሌን፣ አባቴም ከረሜላውን ሲያይ ምንም አለማለቱን አስታውሳለሁ። ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም፤ ከረሜላ የያዘ ልጅም ምክንያት አይጠይቅም።

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጦርነቱ ሲጀመር አሥር ዓመቴ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሰዎች ይወሰዱ ጀመር። ሕጋዊ ምክንያት ሆኖ የቀረበው ያ ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ በ1985 ዓ.ም. ካርድ ወስደህ ድምፅ ከሰጠህ የኤርትራ ዜጋ ነህ፤ የኤርትራ ዜጋ ከሆንህ የጠላት አገር ዜጋ ነህ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ድምፅ የሰጡት ብቻ ከ57 ሺህ በላይ ነበሩ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ከኢትዮጵያ የተባረሩት ወደ 75 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። ከወዲያም በኩል ኢትዮጵያውያን በአሥር ሺዎች እየተፈናቀሉ መጥተዋል፤ ያን መርሳት አይገባም። መለስ በዚያ ክረምት መንግሥት የዓይንህ ቀለም አላማረኝም ቢል እንኳ የውጭ ዜጋ የመሄድ ግዴታ አለበት የሚል ይዘት ያለው ንግግር ተናገረ። ያን ንግግር አጎቴ በሙግቱ ውስጥ አያነሣውም፤ አባቴም አያነሣውም። ለምን እንደማያነሣው ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ጋሽ መካኒክን የወሰዷቸው ማለዳ ላይ ነው። ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ ሰውየው ገና ፊታቸውን አልታጠቡም ነበር። እናቴ ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ በሩጫ ወጣች። እኔ ተከተልኋት። አባቴ ግን ከጓዳ አልወጣም። መውጣት እንደሚችል አውቃለሁ፤ በር ላይ ደርሶ ሲመለስ አይቼዋለሁ። ጋሽ መካኒክ ወደ በራችን ሁለት ጊዜ ዞረው አዩ። ከሁለት ወር በኋላ እትዬና ልጆቻቸውም ሄዱ። እትዬ በመሄጃቸው ዋዜማ በአጥሩ ቀዳዳ ለእናቴ አንድ ነገር አቀበሏት፤ በስማቸው የተከፈተ የቁጠባ ደብተር ነበር። «እስክመለስ ያዥልኝ» አሏት። አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ፍተሻ እንዳለ ሰምተው ነበርና።

ከዚያ ዓመት በኋላ የአባቴ ሙግት ጠነከረ። መለስን መርገም የጀመረው ቀድሞም ቢሆን፣ አሁን ግን እንደ ጸሎት በየማታው ሆነ። ልጅ ሆኜ ይህን ቁጣ የአገር ፍቅር አድርጌ ወስጄዋለሁ፤ ኮርቼበትማለሁ።

ባንክ ከገባሁ በኋላ በሥራ ምክንያት ስለ ዜግነትና ስለ ንብረት ማንበብ ግድ ሆነብኝ፤ ያኔ ነው አንድ ውሳኔ ያገኘሁት። ሁለቱ አገሮች ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈራረሙት ስምምነት የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ በሰጠው ብይን፣ ለሕዝበ ውሳኔው ብቁ ሆነው የተመዘገቡት ሰዎች የኤርትራን ዜግነት ቢያገኙም የኢትዮጵያ ዜግነታቸው በዚያ ምክንያት ብቻ አልተቋረጠም፤ በሁለቱ መንግሥታት ግርታ መካከል ሁለቱንም ይዘው ኖረዋል ሲል ወሰነ። ደኅንነትን ምክንያት አድርጎ በማጣራት የተፈጸመውን ማባረር ሕጋዊ ነው አለ፤ ያለ ማጣራት የተባረሩትን፣ ቤተሰብ ስለሆኑ ብቻ የተነዱትንና ንብረታቸውን ያጡትን በሚመለከት ግን ኢትዮጵያን ተጠያቂ አደረገ። ብይኑን አትሜ ለአባቴ ወሰድሁለት። እንግሊዝኛውን እየተረጎምሁ ሳነብለት «ሁለቱንም ይዘው ኖረዋል» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

«ድገመው» አለ።

ደገምሁለት።

«እኔ ነኝ ካርዷን ውሰድ ያልሁት» አለ።

እንዲህ ነበር ነገሩ። በ1985 ዓ.ም. መጋቢት ገደማ ጋሽ መካኒክ ከሥራ ሲወጡ አባቴን ያማክሩታል፤ ልመዝገብ ወይስ ልተወው? አባቴ የሳቀ መስሎት «ወረቀት አይደለች እንዴ? ውሰዳት! አንተን ከድሬ የሚነቅልህ ማን አለ?» ይላቸዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ያቺ ወረቀት ነቀለቻቸው። አባቴ በዚያ ማለዳ ከጓዳ ያልወጣው ፖሊሶቹን ፈርቶ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ በኒሙ ሥር የሚደረገውን ሙግት በሌላ ጆሮ እሰማው ጀመር። መለስ «ሰጠ» የሚለው ክስ ውስጥ የአባቴ «ውሰዳት» ነበረበት። ሰውየውን በከሰሰው መጠን እሱ ራሱ ትንሽ የሚቀልለት ይመስለኛል። ነሐሴ 15 ቀን 2004 ዓ.ም. የመለስ ሞት ሲነገር አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። ደስ እንዳለው አላየሁም። «አሁን ማንን ልጠይቅ ነው?» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

በ2008 ዓ.ም. ሰኔ 16 እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሲሰጡ እኔ ከባንኩ መስኮት ኋላ ሆኜ በሬዲዮ ተከታተልሁ። 52 ለ48! ሕዝበ ውሳኔውን የጠራው ዴቪድ ካሜሮን በማግስቱ ማለዳ ሥልጣኑን እንደሚለቅ ተናገረ፤ እነሱም እስከ ዛሬ ድረስ ስለ እሱ ውርስ ይነታረካሉ። አጎቴ «አየህ ጋሼ፣ በሠለጠነው አገርም አለ» አለ። እኔን የገረመኝ ግን ልዩነቱ ነው። እነሱ ዘንድ አገሩ ሁሉ ተጠይቆ ለሁለት ተከፈለ፤ ከውጭ ከ15 ዓመት በላይ የኖሩት ዜጎቻቸው ድምፅ አልነበራቸውም። እኛ ዘንድ የሚሄደው ብቻ ተጠየቀ፤ ከሚሚሊዮኑ ድምፅ ውስጥ «አይሆንም» ያለው ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም። በውጭ የሚኖረው ደግሞ፣ ሳቢያን ድረስ፣ ድምፅ እንዲሰጥ ተጋበዘ፤ በኋላ ያ ግብዣ ዕዳ ሆነበት።

ስለዚህ የኔን ፍርድ እዚህ ላይ ልናገር። ሠላሳ ዓመት ከተዋጋ በኋላ ሕዝብ መጠየቁን አልቃወምም፤ መለስን በሚያዝያ 1985 አልከሰውም። የምከሰው ሁለቱን አገር ይዞ የሚኖረው ሰው ማን እንደሚባል፣ አሰብንም እስከ መቼና በምን ሕግ እንደምንጠቀምበት ከድምፁ በፊት በወረቀት ስላላስቀመጠ ነው። ከኢሳያስ አፈወርቂ ጋር የነበረው ወዳጅነት ወረቀቱን የሚተካ መስሎት ይሆናል። ባንክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ስሕተት ያውቀዋል፤ ወንድም ለወንድም ያለ ውል ያበደረውን ብር ስንት ጊዜ አይተናል! ከዚያም ይበልጥ የምከሰው በ1990 ክረምት ነው፤ ራሱ ባከበረው ድምፅ ሰዎቹን መልሶ ስለመታበት። አጎቴ ይህን ስነግረው «እሱስ ልክ ነህ» አለኝና ርዕስ ለወጠ። ከአጎቴ አንደበት ከዚያ በፊት ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. የስልክ መስመሩ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲከፈት ሰው በዘፈቀደ እየደወለ ማንንም «ሰላም ነው?» ይል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኛ ዘንድ በዘፈቀደ አልሆነም። አዲስ አበባ ያለ የእትዬ ዘመድ ስልኬን አፈላልጎ አገኘ፤ በሦስተኛው ቀን ማታ እትዬ ደወሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። እናቴ ስልኩን ይዛ ግማሽ ሰዓት አለቀሰች፤ ከዚያ ለአባቴ ሰጠችው። ጋሽ መካኒክ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አሥመራ ላይ አርፈዋል።

አባቴ ሐዘኑን ከገለጸ በኋላ ዝም አለ። ከዚያ ሃያ ዓመት ያጠራቀመውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረው። «እትዬ፣ ያቺን ካርድ ያስወሰድሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ድምፅ ማጉያው ክፍት ስለነበር መልሱን ሁላችንም ሰማን። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ ረጅም፣ ሳል የቀላቀለ ሳቅ።

«አንተ? አቦ ተው እንጂ! እሱ እኮ አንተን ሲያማክርህ ተመዝግቦ መጥቶ ነበር። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነበር። እንዳትቀየመው ብሎ ነው የጠየቀህ። ውጤቱ የተነገረ ዕለት ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከረሜላ ሲያድል አላየህም?»

ከረሜላው! ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ምክንያቱን ያላወቅሁት ጣፋጭ።

አባቴ ከዚያች ሌሊት በኋላ ይቀለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልቀለለውም። ለሳምንት ያህል ሰው አላናገረም። ከዚያ አንድ ቀን እኔና እሱ ብቻችንን ስንሆን «ፈልጎ ነበር እኮ» አለኝ። «እዚህ ከእኛ ጋር እየኖረ፣ ከእኔ ጋር ሻይ እየጠጣ፣ ሊለይ ፈልጎ ነበር። ደስ ብሎትም ነበር።» ያኔ ገባኝ፤ አባቴ በዳይ ሆኖ መኖርን ችሎት ነበር። በድያለሁ የሚል ሰው ቢያንስ ነገሩ በእጁ ነበር ማለት ነው። ወዳጁ ያለ እሱ ፈቃድ፣ ያለ መለስም ፈቃድ፣ በገዛ ልቡ «አዎ» ማለቱን ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። ብዙዎቻችን ስለዚያ ሕዝበ ውሳኔ ስንከራከር የምንዘለው ይህንኑ ይመስለኛል። ማን እንደሰጠ እንጠያየቃለን፤ የተቀበሉት ፈልገው እንደነበረ ግን ማንሣት አንወድም። ጋሽ መካኒክ ግን ሁለቱንም ነበሩ፤ ነፃነቱንም ፈለጉ፤ ከድሬ መነቀልን ደግሞ ፈጽሞ አልፈለጉም። እትዬ በዚያ ስልክ ላይ እንደነገሩን፣ እስኪሞቱ ድረስ አሥመራ ብርድ ነው እያሉ ያማርሩ ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባሕርን ነገር በአደባባይ ካነሡ በኋላ፣ የአሰብ ሙግት በየሻይ ቤቱ አዲስ ሆኖ ተመልሷል። በባንካችን የሻይ ሰዓት ላይ ጦርነቱ እንኳ የተጀመረበትን ዓመት የማያውቁ ወጣቶች መለስን እየረገሙና እየባረኩ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ባለፈው እሑድ አጎቴ እኛ ቤት መጥቶ በለመደው ቦታ፣ ኒሙ ሥር ተቀመጠ። ስለ ወደቡ ጀመረ። አባቴ መልስ አልሰጠም።

«ጋሼ፣ ምነው ዝም አልህ? አሰብ እኮ ነው የምልህ!»

«አቦ ተወኝ» አለ አባቴ። «ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ጠጣ።»

እትዬ በስልኩ መጨረሻ ላይ ደብተራቸውን ጠይቀው ነበር። «አለ» አለቻቸው እናቴ፤ «መጥተሽ ውሰጂው።» እመጣለሁ ብለው ነበር። በረራው ተጀምሮ ሳለ ጉልበታቸውን ታመሙ፤ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአሥመራ በረራውን አቋረጠ። ደብተሩ እናቴ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከክርስትና ልብሴ ሥር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጳጉሜን ላይ ቤት ስታጸዳ አውጥታ ላስቲኩን ትቀይርለታለች። የመጨረሻው መዝገብ 1,860 ብር ይላል። ወለዱን ማስላት ሙያዬ ነው፤ አስልቼ አላውቅም።